ከ«ነሽ» ወደ «ነህ»፦ ሰባት ቀን በመንዝ

ሐሙስ፣ ጥር 14 ቀን 2012 ዓ.ም.

ላምበረት መናኸሪያ የደረስኩት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ጥምቀት ካለፈ ሦስት ቀኑ ነው። ለበዓል አገር ቤት የሄደው ሁሉ እየተመለሰ ስለሆነ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው አውቶቡስ ጢም ብሏል። የሚወጣው ግን ግማሹ ባዶ ነው። መስኮት አጠገብ ተመቻችቼ ተቀመጥኩ።

የመጣሁበት ጉዳይ አንዲት ፊደል ናት። የእናቴ ስም በ«ነሽ» ነው የሚያልቀው። አዲሱ የመሬት ካርታዋ ላይ ግን በ«ነህ» አልቋል። «ሽ» ወጥታ «ህ» ገባች፣ እናቴም ወንድ ሆነች። እሷ ማንበብ ስለማትችል ካርታውን ተቀብላ፣ በላስቲክ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ነገሩ የታወቀው በግ ለማሞከት ብድር ስትጠይቅ ነው። አበዳሪዎቹ «መታወቂያሽና ካርታሽ አይገናኙም፣ የማነው መሬቱ?» አሏት። አባቴ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። መሬቱ የሷ ነው። በወረቀት ግን የማይታወቅ ሰውዬ ነው ባለቤቱ።

ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ ጠጣን። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ከጣርማበር ዋሻ በፊት ወደ ግራ ታጥፈን ወደ መንዝ ገባን። ከዚያ በኋላ ያለው አቧራና ንፋስ ነው። የወረዳውን ከተማ ስም አልጠራም፤ መንዝ ውስጥ ወረዳ ብዙ ነው፣ አንዱ ነው። ሲመሽ ደረስኩ። ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ተኛሁ፣ አልበቃኝም።

ዓርብ፣ ጥር 15

ጠዋት መሬት አስተዳደር ሄድኩ። የተቀበለኝ ልጅ ትሑት ነው፣ ይህን መካድ አልችልም። ካርታውን አየ። ከአሮጌው ደብተር ጋር አስተያየ። ሳቅ አለ።

«ወንድሜ፣ እዚህ ፎቶዋ አለ እኮ። ነጠላ የለበሰች ሴትዮ ናት» አልኩት።

«ይገባኛል። ግን እኛ ከቀበሌ የመጣልንን ነው ያተምነው። ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያምጡ። የመሬት ኮሚቴው ይፈርምበት። ባለይዞታዋም መታወቂያቸውን ይዘው ራሳቸው ይቅረቡ።»

ተናደድኩ። ከዚያ ነገሩን ሲያስረዳኝ ንዴቴ ትንሽ በረደ። በአማራ ክልል የመጀመሪያው የመሬት ደብተር መሰጠት የጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ደብተሩ የባልንም የሚስትንም ስም ይይዛል፣ የሁለቱም ፎቶ ይለጠፍበታል። እናቴ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሳችው ፎቶ እሱ ነው። ማሳው ግን በካርታ አልተነሳም፤ ወሰኑ የሚታወቀው «በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ወንዙ» እየተባለ ነበር። አሁን የሚሰጠው ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው ነው። ከአየር በተነሳ ምስል ላይ የያንዳንዱ ማሳ ወሰን ይሰመራል፣ ካርታ ሆኖ ይታተማል።

ከመታተሙ በፊት ደግሞ ለሕዝብ ዕይታ ይለጠፋል። ማንም ሰው መጥቶ ስህተት ካለ መናገር ይችላል። እናቴም ሄዳ አይታዋለች! ጎረቤቱ ሁሉ አይቷል። ግን ሁሉም ያየው ወሰኑን ነው። «ድንበሬን ገፍቶኛል? አልገፋኝም?» ነው ጥያቄው። ስሙን ማን ያነባል? ማንበብ የሚችሉት ተማሪዎች ደግሞ ማሳ የላቸውም፣ ምን ሊያዩ ይሄዳሉ።

የቀረውን ቀን በሽሮና በሻይ ገፋሁት።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ወደ ቀበሌያችን በእግር ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ለእናቴ። ለኔ አራት ተኩል ፈጀብኝ። መንገድ ላይ ዣንጥላ የያዘ፣ ቦርሳ በትከሻው ያንጠለጠለ ሰው አገኘሁና ሰላም ተባብለን ተላለፍን። በኋላ ነው የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ መሆኑን ያወቅሁት። ወረዳ ተጠርቶ እየሄደ ነበር። እኔ እሱን ፍለጋ፣ እሱ እኔ ወደመጣሁበት።

የቀበሌው ግቢ የቆርቆሮ ክዳን ያላቸው ቤቶች ነው። አንዱ ጽሕፈት ቤቱ፣ አንዱ የገበሬዎች ማሠልጠኛ፣ ፈንጠር ብሎ ደግሞ ጤና ኬላው። የጽሕፈት ቤቱ በር በትልቅ ቁልፍ ተቆልፏል። በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ በፀሐይ ነጥቶ «ለመላው የቀበሌያችን ነዋሪዎች» ከሚለው በስተቀር አንድ ቃል አይነበብም።

ጤና ኬላው ግን ክፍት ነው። ሁለቱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መዝገብ እየሞሉ ነበር። ገብቼ ተቀመጥኩ። ይህ ፕሮግራም በ1995 ሲጀመር እኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ያኔ «መጸዳጃ ቆፍሩ እያሉ የሚዞሩ ልጆች» ነበር የምንላቸው። አሁን ግድግዳው ላይ የየቤተሰቡ ማኅደር በየጎጡ ተደርድሯል። የማን ልጅ ክትባት እንደቀረበት፣ ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ የማን ቤት መጸዳጃ እንደፈረሰ፣ ሁሉም እዚያ አለ። እናቴንም ጠየቅሁ። ማኅደሯ ላይ ስሟ በ«ነሽ» ነው የተጻፈው። ትክክል!

«ጋሼ፣ እኛ ቤታቸው ገብተን ራሳቸውን ጠይቀን ነው የምንጽፈው» አለችኝ አንዷ። ሌላ ነገር አልጨመረችም፤ ለኔ ግን በቂ ነበር።

ማታ እናቴ ቤት። ገብስ ቆሎ፣ ጠላ፣ የእሳት ዳር። አባቴ የተኛበት መደብ ላይ አሁን የዘር ገብስ በጆንያ ተቀምጧል። ስለ ካርታው ብዙ አላወራችም። የከነከናት ሌላ ነው። «ወንድ ነሽ አሉኝ እኮ! እንግዲህ በስተርጅና ጦር ልዝመት?»

እሑድ፣ ጥር 17

የቀበሌው ዜና የት እንደሚነገር ዛሬ ገባኝ። በሩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት የሚጠብቀው ሰው የለም። ዜና የሚገኘው ከቅዳሴ በኋላ ነው።

ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሊበተን ሲል አንድ ቄስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሊቀመንበሩ ቃል አለው፣ እንዳትሄዱ!» አሉ። ከቅጥሩ ውጭ ባለው ሜዳ፣ ከትልቁ ጽድ ሥር ተሰበሰብን። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው። ሊቀመንበሩ ድንጋይ ላይ ቆመ። ገበሬ ነው። ደመወዝ የለውም፤ ደመወዝ ያለው ሥራ አስኪያጁ ነው። የሊቀመንበሩ ያልታረመ ማሳ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያወራበት ነው።

መጀመሪያ ማዳበሪያ። ስንት ዩሪያ፣ ስንት ኤንፒኤስ እንደሚፈልግ ያላስመዘገበ ሰው በዚህ ሳምንት ይመዝገብ ተባለ። አንድ ሽማግሌ «ዳፕ የለም?» ብለው ጠየቁ። ዳፕ ከቀረ ዓመታት ሆኖታል፤ ግን ስሙ አልቀረም። ይኼኛው ቶሎ አለቀ።

ቀጥሎ የተፋሰስ ሥራ። ከማክሰኞ ጀምሮ አቅሙ የሚችል ሁሉ ዶማና አካፋ ይዞ ይውጣ ተባለ። ማክሰኞ የሆነው ነገ ሰኞ ጥር 18፣ ሰባር ጊዮርጊስ ስለሆነ ነው። ሐሙስ ደግሞ አስተርዮ ማርያም ነው። ከወረዳ የሚመጣው ዕቅድ የሥራ ቀን ብሎ የሚቆጥረው ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። ሊቀመንበሩ ደግሞ በዓላቱን ይቀንሳል። በመካከል የሚቀረው ቀን ነው የቀበሌው እውነተኛ የሥራ ቀን።

ከዚያ ልደት ምዝገባ መጣ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በቀበሌ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ማብቂያ ላይ ነው። ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። አንዲት እናት ተነስታ «የኔዋ የተወለደችው ለሐምሌ ሥላሴ ማግሥት ነው፣ አልፎኛል ወይ?» አለች። ሰው በጣቱ ይቆጥር ጀመር። ሐምሌ 8 ማለት ነው። አልፏታል፣ እሱም በሦስት ወር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በ40 ቀኑ ነው፤ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ። ሁለቱም ከ90 በታች ናቸው! መዝጋቢው ደብተሩን ይዞ ክርስትና በሚነሳበት ቀን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቢቆም በዚህ አጥቢያ አንድም ልጅ አያመልጠውም። ይህን ለሊቀመንበሩ ነገርኩት። «ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን መዝገቡ ከጽሕፈት ቤት አይወጣም ተብሏል» አለኝ።

በመጨረሻ የጤና መድህኑ። እዚህ ላይ ነው ስብሰባው የጋለው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ብዙ ሰው «ሳልታመም ለምን እከፍላለሁ?» ይል ነበር። አሁን ይህ ጥያቄ የለም። ሁሉም መታወቂያውን ይዞ ጤና ጣቢያ መታከም ለምዷል። ጥያቄው ሌላ ነው። መክፈል ለማይችሉ ድሆች መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል። ድሃ ማነው? ይህን የሚለየው ቀበሌው ነው።

ሊቀመንበሩ ዝርዝሩን አነበበ። አንድ ስም ሲጠራ ጉምጉምታ ተነሳ።

«ሁለት በሬ አለው እኮ!»

«ሲመዘገብ አንዱ ሞቶበት ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ገዝቷል።»

ሰውዬው ራሱ ተነሳ። በሬውን የገዛው በብድር መሆኑን ተናገረ። ሌላው «ብድርም የሚታመነው ያለው ሰው ነው» አለ። ሳቅ ሆነ። ከሴቶቹ ወገን አንዲት አሮጊት ዝርዝሩ ውስጥ እንደሌሉ ተነገረ። ልጃቸው አዲስ አበባ ስላለ ነው የወጡት። «ልጃቸው ደውሎ ያውቃል?» አለ አንዱ። ሁሉም ዝም አለ። እኔም መሬት መሬት አየሁ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ተከራከሩ። ሰውዬው ይቆይ፣ አሮጊቷም ይግቡ ተብሎ ለወረዳው እንዲጻፍ ተስማሙ። ወረዳው ቁጥሩን ይቀበል አይቀበል ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ ግን አዲስ አበባ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ የመንግሥት ዝርዝር ሕዝብ ፊት ተነቦ ሲታረም አይቼ አላውቅም።

ደስታዬ እንዳይበዛ አንድ ነገር ደግሞ አለ። ይህን መሥራት ያለበት የቀበሌው ምክር ቤት ነው። የምክር ቤቱ አባላት የተመረጡት በሚያዝያ 2005 ነው። የአምስት ዓመት ዘመናቸው በ2010 አልቋል፤ ምርጫው ተራዘመ፣ እስካሁንም አልተደረገም። ከአባላቱ አንዷ ዓረብ አገር ናት። ሁለቱ ሞተዋል። የጽዱ ጥላ ነው ምክር ቤት የሆነው።

ስብሰባው ሲያበቃ ሊቀመንበሩን ስለ ደብዳቤው ለመንኩት። ኪሱን ደባበሰ። «ማኅተሙ እኔ ጋ ነው። የማኅተሙ ቀለም ግን ቢሮ ተቆልፎበታል። ቁልፉ ሥራ አስኪያጁ ጋ ነው። ኮሚቴዎቹንም ማግኘት አለብህ፤ አንዱ ከገደሉ ማዶ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ መቼ ይመለሳል? «ስብሰባው ሲያልቅ።»

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ «የመድህኑን አንተ ነህ የምትከፍልልኝ፣ የካቲት ሳያልቅ» አለችኝ። እሺ አልኩ።

ሰኞ፣ ጥር 18፣ ጊዮርጊስ

ዛሬ ምንም አይሠራም ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ።

እናቴ «ተነስ፣ ዝክር ተጠርተናል» አለችኝ። ጎረቤት ቤት ሄድን። ጠላው ይቀዳል፣ ዳቦው ይቆረሳል። ዞር ብዬ ሳይ ሊቀመንበሩ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ከጎኑ የመሬት ኮሚቴው ሰብሳቢ። ከሱ ቀጥሎ ጸሐፊው። ቀና ስል ደግሞ ከገደሉ ማዶ ያለው ሰውዬ ብርሌውን ይዞ ገባ! በሥራ ቀን ሦስት ቀን በእግሬ ባስስ የማላገኛቸው ሰዎች በጊዮርጊስ ዝክር አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው።

ግን በጠላ ላይ ወረቀት አይወጣም። ወግ አለ። እስኪበላ፣ እስኪጠጣ፣ እስኪመረቅ ጠበቅሁ። አንድ የ80 ዓመት ሽማግሌ አጠገቤ ነበሩ። ቀበሌውን እስካሁን «ማኅበሩ» ነው የሚሉት። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን አዋጁ ገበሬው በማኅበር እንዲደራጅ አዟል፤ የአንድ ማኅበር ስፋት ቢያንስ 20 ጋሻ፣ 800 ሄክታር መሆን ነበረበት። እሳቸው ያን ጊዜ ጎልማሳ ነበሩ። ከዚያ በፊት መንደሩን የሚያዘው ጭቃ ሹም ነበር።

«የቱ ይሻላል አባባ?» አልኳቸው።

«ጭቃ ሹሙ ከርስታችን ይካፈል ነበር። ሊቀመንበሩ ከጊዜያችን ይካፈላል» አሉኝ። ሊቀመንበሩ ሰምቶ ሳቀ።

ከዚያ ስለ ጓሳ አወሩልኝ። የመንዝ ሰው ጓሳን ያውቃል። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ሣር የሚገኝበት፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖርበት ደጋ ነው። አገሬው ለመቶዎች ዓመታት ራሱ በመረጣቸው አለቆች ሲያስጠብቀው ኖሯል። ለዓመታት ይዘጋል፣ ከብት አይገባም፣ ሣር አይታጨድም። ሲደርስ በአንድ ቀን ይከፈታል። በ1967 ከርስቱ ጋር ያ ሥርዓትም ቀረ። «የሁሉም ሲሆን የማንም ሆነ፤ ሁሉም ዘመተበት» አሉኝ። አሁን እንደገና በሕዝቡ ኮሚቴ ይጠበቃል። ሽማግሌው የሣሩን ነገር ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራል። ስለ ማዳበሪያ ሲያወሩ እንዲህ አልሆኑም።

ምርቃቱ አበቃ። ወረቀቱን አወጣሁ። ጸሐፊው ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈው፦ እኒህ ሴት በቀበሌያችን ነዋሪና የይዞታው ባለቤት መሆናቸውን፣ ስማቸውም በ«ነሽ» የሚያልቅ መሆኑን እናረጋግጣለን። «ነሽ» የምትለዋን አስምሮ አስምሮ ወረቀቱን ሊቀደው ነበር። ሦስቱም ፈረሙ።

ማኅተሙስ? ሊቀመንበሩ ከኪሱ አወጣው። በጨርቅ ተጠቅልሏል። ቀለም የለም። አንዱ «በከሰል አይሆንም?» አለ። ሌላው «የጤናዎቹ ቀለም አላቸው» አለ። እውነትም! ጤና ኬላዎቹ የራሳቸው ማኅተም አላቸው። ሊቀመንበሩና እኔ በጨለማው ተያይዘን ሄድን። ከልጆቹ አንዷ ራት እየሠራች ነበር። እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ቀለሙን አመጣችልን። የቀበሌው ማኅተም በጤና ኬላው ቀለም ወይን ጠጅ ሆኖ ወረቀቱ ላይ አረፈ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ገና ጎህ ሲቀድ ከእናቴ ጋር ወጣን። ከፊት ከፊቴ ትሄዳለች። ዕድሜዋን ማሰብ አልፈለግሁም።

ተራራው ላይ ሰው ወጥቷል። እርከን ሊሠሩ ነው። ሊቀመንበሩ ገመድ እየጣለ መስመር ያስይዛል፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሰው ይቆጥራል። ስለዚህ ሥራ ሁለት ሐሳብ አለኝ። ያለክፍያ ነው፣ ካልወጡም ቅጣት አለ፤ በበጎ ፈቃድ ነው የሚለው ቃል ለሪፖርት ነው። ግን በልጅነቴ ጎርፍ የሚወርድበት ቦረቦር ዛሬ ሣር አብቅሏል። ከብት ሲግጥበት አይቻለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

ወረዳው ከተማ ረፋድ ላይ ደረስን። ያው ትሑቱ ልጅ። ደብዳቤውን አነበበ። ማኅተሙን ወደ ብርሃኑ አድርጎ አየው። «የቀበሌው ማኅተም ሰማያዊ ነበር እኮ» አለ። የቀለሙን ታሪክ ነገርኩት። እናቴን አያት፣ ደብተሩ ላይ ያለውን ፎቶ አየ፣ መልሶ እናቴን አያት።

«እማማ፣ እርስዎ ነዎት?»

«ታዲያ አባትህ ነኝ?» አለችው።

ቢሮው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጁም ሳቀ። ማመልከቻውን መዝግቦ፣ የተሳሳተውን ካርታ ተቀብሎ የተቀበለበትን ወረቀት ሰጣት። የታረመው ሲታተም በቀበሌው በኩል ይላካል አለን። መቼ? «ከዳታው ጋር ነው የሚስተካከለው» አለ። ቀን አልቆረጠም።

ስንወጣ ሥራ አስኪያጁን በር ላይ አገኘነው። ዣንጥላውን ይዟል። ስብሰባው አልቆ ሊመለስ ነው። ስለ ቀለሙ ነገርነው። ደንገጥ ብሎ ኪሱን ዳበሰ፣ ቁልፉን አወጣና አሳየን።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ሌሊቱን እናቴ ዘመድ ቤት አደረች፣ እኔ አልጋ ቤት። ጠዋት መናኸሪያው ድረስ ሸኘችኝ። ማመልከቻው የተመዘገበበትን ወረቀት አራት ቦታ አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ቋጥራለች። አንዴ እንዳየው ጠየቅኋት። ፈታችው። ስሟን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩላት። መጨረሻዋ ፊደል ላይ ስደርስ እጄን ያዘችኝ።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት።»

አጠፈችውና መልሳ ቋጠረችው። አውቶቡሱ ሲነሳ ከመስኮቱ ሥር እየተራመደች የሆነ ነገር ትለኛለች። ሞተሩ አላሰማኝም። መስታወቱን ገፋ አድርጌ አንገቴን አወጣሁ።

«የካቲት ሳያልቅ!» ነው የምትለው። «የመድህኑን! እንዳትረሳ!»